ከማርትሬዛ መሃል የወጣው የ1603 ታለር፦ የአንድ ውርስ ጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ባጭሩ

ቪየና የሚኖር አንድ ሐበሻ አለ። የሚስቱ አባት አርፈው ቤታቸውን ሲያስለቅቁ፣ ከቁም ሳጥን ሥር አንድ የሲጋራ ሳጥን ወጣ። ውስጡ ብር ነው። አብዛኛው የሚታወቅ ዓይነት ነበር፤ አንዱ ግን አልነበረም። ያ አንዱ፣ የጀርመን ፈረሰኞች ማኅበር ታላቅ አለቃ የነበረው የኦስትሪያው አርክዱክ (የገዢው ቤት ልዑል) ማክሲሚሊያን 3ኛ በ1603 ያስመታው ታለር፣ ማለትም እንደ ማርትሬዛ ያለ ትልቅ የብር ሳንቲም፣ ሆኖ ተገኘ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ወራሾቹ ሁለት ናቸው፦ የሰውየው ሚስትና ወንድሟ። ታለሩ ደግሞ አንድ። እኔ በመሃል የገባሁት አሮጌ ገንዘብ መሰብሰብ ስለምወድና ሰውየውም ስለሚያውቀኝ ነው። የማንንም ስም አልጠቅስም። ጉዳዩን ግን መጻፍ ያስፈልጋል ብዬ አሰብኩ፤ ምክንያቱም ውጭ አገር ያለን ሰዎች እንዲህ ያለ ነገር እጃችን ሲገባ ቶሎ የምንሮጠው ወደ ወርቅ ቤት ነው፣ እዚያ ደግሞ የሚያውቁት ሚዛንን ነው።

መነሻው

ሳጥኑ ውስጥ የነበሩት የኦስትሪያ ሽልንግ የብር ሳንቲሞች፣ ጥቂት ማርትሬዛዎች፣ ይህ ታለርና አንድ ያረጀ ፖስታ ናቸው። ሰውየው ማርትሬዛዎቹን ወዲያው ለያቸው። አገር ቤት አያቱ አንገት ላይ ሲያይ ያደገው ጠገራ ብር ነው። ስልክ ደወለና «ጋሼ፣ ማርትሬዛ የወንድ ምስል ያለበት ነበር እንዴ?» አለኝ። የለም። ማርትሬዛ ላይ ያለችው ንግሥቲቱ ብቻ ናት። ፎቶውን ላከልኝ፤ የጦር ልብስ የለበሰ ሰው ሰይፍ ይዞ ቆሟል፣ አጠገቡ አንበሳ አለ። በጀርባው አንድ ፈረሰኛ ሙሉ ትጥቁን ታጥቆ ይጋልባል፤ ዙሪያውን ትንንሽ ጋሻዎች ከበውታል።

ስለ ማርትሬዛ አንድ ነገር እዚህ ላይ ልበል፣ ለጉዳዩ ያስፈልጋል። ማርትሬዛ ላይ 1780 ተጽፏል፤ ንግሥቲቱ ያረፈችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ ግን በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራሰልስ፣ በቦምቤይ ሳይቀር በዚያው ዓመተ ምሕረት ሲመታ ኖሯል። ክብደቱ 28.07 ግራም ገደማ፣ የብሩ ንጥረት ከሺህ 833 ነው። ስለዚህ «1780 ስለሚል ሁለት መቶ ምናምን ዓመቱ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ እኔ ቶሎ አላምንም። የአማትየው ማርትሬዛዎችም ቪየና ላይ በቅርብ ዘመን የተመቱ ናቸው፤ ዋጋቸው ከብሩ ዋጋ ብዙም አይርቅም።

ታለሩ ግን ሌላ ነው። እሱን ለመረዳት ያስመታውን ሰው ማወቅ ያስፈልጋል።

ይህ ማኅበር ማን ነው?

ማኅበሩ የተጀመረው በመስቀል ጦርነት ጊዜ ነው። በ1190 መስቀላውያን አክሬን ከበው ሳለ ከብሬመንና ከሉቤክ የመጡ ጀርመናውያን የሕሙማን ማረፊያ አቋቋሙ። በ1198 ወደ ተዋጊ መነኮሳት ማኅበር ተለወጠ። ነጭ ካባ ከጥቁር መስቀል ጋር፤ ምልክታቸው ይኼ ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ዞረው ፕሩስያን በጦር ያዙ፣ የራሳቸውን አገርም መሠረቱ። በ1410 ግሩንቫልድ ላይ በፖላንድና በሊቱዌኒያ ጦር ክፉኛ ተሸነፉ። ከዚያ ወዲህ እንደ ቀድሞው አልሆኑም።

የመጨረሻው ምት የመጣው ከውስጥ ነው። በ1525 የማኅበሩ ታላቅ አለቃ የነበረው አልብሬሽት ራሱ የሉተርን እምነት ተቀበለና ፕሩስያን የግሉ ዱክነት አደረጋት፣ ለፖላንድ ንጉሥም አደረ። መነኩሴው አለቃ ገዳሙን ርስቱ አድርጎ ወሰደው ማለት ነው! የቀረው ማኅበር ወደ ጀርመን ደቡብ፣ ወደ ሜርገንትሃይም አፈገፈገ። አገሩን ግን በወረቀት አልለቀቀም። ከ1530 ጀምሮ አለቆቹ «የፕሩስያ አስተዳዳሪ» የሚል ማዕረግ ይዘው ቀጠሉ።

ማክሲሚሊያን የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ኦስትሪያን ይገዛ የነበረው የሀብስቡርግ ቤት ልጅ፣ በ1558 የተወለደ። በ1587 የፖላንድ ንጉሥ ለመሆን ሞክሮ ነበር፤ የመረጡትም መኳንንት ነበሩ። ነገር ግን በ1588 ቢቺና ላይ ተሸንፎ ተማረከ። ሲፈታ ወደ ማኅበሩ ተመለሰና ታላቅ አለቃ ሆነ፣ ከ1602 ጀምሮ ደግሞ ቲሮል የተባለውን የአልፕስ ግዛት ያስተዳድር ጀመር። ቲሮል ውስጥ ሐል የምትባል ከተማ አለች፣ ጎረቤቷ የሽቫትስ የብር ማዕድን ነው። ሐል የገንዘብ ማተሚያዋ ስመ ጥር ነበር። እንግዲህ ሰውየው የማኅበር አለቃ ነው፣ የብር ማተሚያ እጁ ገብቷል፣ አገሩ ከተወሰደ 78 ዓመት ሆኖታል። ምን ያትማል? በታለሩ ዙሪያ በአህጽሮት በተጻፈው ላቲን ውስጥ የፕሩስያ አስተዳዳሪ መሆኑን አስጽፏል። በእጁ የሌለ አገር ማዕረግ፣ በጥሩ ብር ላይ።

በግሌ ይህን ሳንቲም የምወደው ለዚህ ነው። የገንዘብነቱን ያህል አቤቱታም ነው።

ችግሩ

ቤተሰቡ የያዘው ጥያቄ ሦስት ነበር። ይህ ምንድነው? እውነተኛ ነው ወይስ የተኮረጀ? እውነተኛ ከሆነ ለሁለት እንዴት ይካፈላል?

ሦስተኛው ነው አስቸጋሪው። ኦስትሪያ ውስጥ የውርስ ቀረጥ ከ2008 ጀምሮ ስለቀረ በዚያ በኩል ራስ ምታት አልነበረም። ነገር ግን የሟች ንብረት በኖተሪ (ውርስ በሚያጣራ የሕግ ሰው) በኩል ይመዘገባል፣ ዋጋ ይጻፍበታል። ምን ዋጋ? እህት «የአባቴ ማስታወሻ ነው፣ አይሸጥም» ትላለች። ወንድም «እሺ፣ ግን የእኔ ግማሽ ስንት ነው?» ይላል። ሁለቱም ልክ ናቸው።

የተሠራው ሥራ፣ በተሠራበት ቅደም ተከተል

መጀመሪያ ወንድምየው ሁሉንም ሰብስቦ ብር ወደሚገዛ ሱቅ ወሰደው። ሱቁ ታለሩን ከማርትሬዛውና ከሽልንጉ ጋር አንድ ላይ ሚዛን ላይ ጫነው፣ በግራም ተመነው። ደግነቱ ሰውየው ታለሩን ለይቶ መልሶ ያዘ። እኔ ስሰማ የነገርኳቸው ሁለት ነገር ነው፦ አትጠቡት፣ ፖስታውን አትጣሉት። ወንድምየው አንዱን ሽልንግ በጥርስ ሳሙና ፈትጎ አብለጭልጮት ነበርና ቀጣዩ ተረኛ ታለሩ እንደሚሆን ገምቼ ነው። የዕድሜ ጥቁረት ከአሮጌ ብር ላይ ከተፋቀ አይመለስም፣ ሰብሳቢም አይወደውም።

ቀጥሎ የባልና ሚስቱ ልጅ በስልኩ የፎቶ ፍለጋ አደረገ። እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ፍለጋው ያመጣው የ1486 የሐል ጉልዲነር ቅጂ ነው፤ ለቱሪስት የሚሸጥ ማስታወሻ። ቤቱ በሙሉ «የውሸት ነው» ብሎ ደመደመ። ስህተቱ ግን የማሽኑ ብቻ አይደለም። በ1486 የቲሮሉ አርክዱክ ዚግስሙንድ ሐል ላይ ያስመታው ታላቁ የብር ሳንቲም፣ ኋላ ላይ ታለር የተባለው ዘር ሁሉ አባት የሚባለው፣ በአንድ በኩል ገዢው ቆሞ፣ በሌላው ፈረሰኛ በጋሻዎች ተከቦ የሚታይበት ነው። ማክሲሚሊያን ያንን መልክ አውቆ ነው የደገመው። ስለዚህ ከሩቅ ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ። የሚለያቸው ጽሑፉና ዓመቱ ነው፣ እሱን ደግሞ ማንም አላነበበም ነበር። በማጉያ መነጽር አንብቡት አልኩ። 1603 ወጣ፣ የማክሲሚሊያን ስም ወጣ። ከዚያ ካታሎግ ማየት ብቻ ነው የቀረው።

የእውነተኛነቱ ምርመራ ቤት ውስጥ ተጀመረ። ክብደቱ 28.4 ግራም። በ1566ቱ የጀርመን ግዛት ሕግ መሠረት ሙሉ ታለር 29.2 ግራም ገደማ፣ ንጥረቱም ከሺህ 889 መሆን ነበረበት። የቲሮሎቹ ትንሽ ቀለል ይላሉ፤ ይኸኛው ደግሞ ተለብሷል። ስለዚህ 28.4 አያስደነግጥም። ክብደት ብቻውን ግን ምንም አይነግርም፣ ምክንያቱም ማንም አስመሳይ ግራም ማሟላት ይችላል።

ስለዚህ የውኃውን ዘዴ አሳየኋቸው። አንድ ብርጭቆ ውኃ ትንሽ የወርቅ ሚዛን ላይ ይቀመጣል፣ ሚዛኑ ዜሮ ላይ ይመለሳል። ሳንቲሙ በቀጭን ክር ታስሮ ውኃው ውስጥ ይንጠለጠላል፤ ሥሩንም ጎኑንም ሳይነካ። ሚዛኑ ላይ በግራም የሚወጣው ቁጥር የሳንቲሙ ይዘት በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ነው። 2.76 ወጣ። 28.4ን ለ2.76 ሲያካፍሉት 10.3 ገደማ ይሆናል፤ ይህ እፍጋቱ ነው። ንጹሕ ብር 10.5 ነው፣ መዳብ 9 ገደማ። ከሺህ 889 ብር፣ ቀሪው መዳብ ሲሆን ስሌቱ የሚሰጠው ያንኑ 10.3 ነው። ቆርቆሮ ወይም በብር የተነከረ ናስ ቢሆን ኖሮ በጣም ዝቅ ይል ነበር። ይህ ሙከራ ወጪ የለውም፣ ሳንቲሙንም አይጎዳም፤ ሲወጣ በወፍራም ለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጎ ማድረቅ ነው፣ ማሸት የለም።

ሌላው ምልክት ቅርጹ ነው። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ሲያስቀምጡት ትንሽ ይወዛወዛል። ቤተሰቡ «ተጣሟል» ብሎ አዝኖ ነበር። እኔ ደስ አለኝ። ሐል ላይ ከ16ኛው መቶ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ወዲህ ሳንቲም የሚመታው በመዶሻ ሳይሆን በውኃ ኃይል በሚዞሩ ሲሊንደሮች ነበር። ምስሉ የተቀረጸው ሲሊንደሩ ላይ ነው፣ የብሩ ሰሌዳ በመሃላቸው ያልፋል፣ ከዚያ ይቆረጣል። እንዲህ የወጣ ሳንቲም ትንሽ ይጎብጣል፣ ክብነቱም ፍጹም አይሆንም። ሐል የሚገኘው የሐዜግ ግንብ ሙዚየም ውስጥ እንደገና የተሠራው ማሽን ይታያል። ፍጹም ጠፍጣፋና ክብ ቢሆን ነበር የምጠራጠረው።

ሰውየው በዚህ መሃል ቪየና መሃል ከተማ፣ ከቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል አጠገብ ወዳለው የማኅበሩ ቤት ሄደ። አዎ፣ ማኅበሩ ዛሬም አለ። ናፖሊዮን በ1809 በእጁ ሥር በነበሩት የጀርመን ግዛቶች ቢያፈርሰውም ኦስትሪያ ውስጥ ተርፎ ዛሬ የካህናት ማኅበር ነው፣ ሰይፍ የለም። ግምጃ ቤቱ ሙዚየም ሆኗል፣ ሳንቲምና ሜዳልያም አለበት። ሙዚየም ለሰው ዋጋ አይተምንም፣ ሥራውም አይደለም። ሰውየው ግን የማኅበሩን ገንዘብ በመስታወት ውስጥ ሲያይ፣ ቤት ያለው ነገር የማን እንደሆነ ያን ቀን ገባው።

የጠርዙ ነገር

ዋጋውን የወሰነው ነገር በዓይን አይታይም ነበር። ታለሩን በጎኑ ይዞ፣ ከቆመው ሰውዬ ራስ በላይ ያለውን ጠርዝ በማጉያ ሲያዩት አንድ የስንዴ ቅንጣት የምታህል ቦታ ለስልሳለች። ፊደሎቹ እዚያ ጋ ደብዝዘዋል፣ ቀለሙም ከሌላው ነጣ ይላል። ማንጠልጠያ ተበይዶበት ነበር ማለት ነው። በኋላ ተነቅሎ ቦታው ተሞርዷል።

ፖስታው እዚህ ላይ ነው የጠቀመው። ጀርባው ላይ በድሮው የጀርመን የእጅ ጽሑፍ አንድ መስመር ተጽፏል። ከወራሾቹ አንዱም ማንበብ አልቻለም። አንዲት ያረጁ ጎረቤት አነበቡላቸው፦ ከአያት የሰዓት ሰንሰለት የተፈታ ነው ይላል። በአልፕስ አካባቢ የብር ሳንቲም ሰንሰለት ላይ አንጠልጥሎ በበዓል ልብስ ላይ ማድረግ የቆየ ልማድ ነው። ሰውየው «እኛም እኮ ማርትሬዛ እየበየድን አንገታችን ላይ አድርገናል» አለ። ልክ ነው፤ ወሎ ሄዶ ያየ ያውቃል። ለቤተሰብ ታሪክ ይህ ውበት ነው። ለሰብሳቢ ግን ጉዳት ነው፣ ያውም ከባድ። ብየዳ ያልነካው ታለርና ብየዳ የነካው ታለር በጨረታ ላይ አንድ አይደሉም።

የዋጋው ክርክር

ወንድምየው ከኢንተርኔት የሻጭ ዋጋ ፎቶ አንስቶ አመጣ። በጣም ትልቅ ቁጥር ነው። «ይኸው፣ ያው ሳንቲም» አለ። ሻጭ የጠየቀው ዋጋ ግን ምኞት ነው። ገዢ የከፈለው ሌላ ነው። የጨረታ ቤቶች ያለፉ ጨረታዎችን ውጤት ይፋ ያደርጋሉ፤ መታየት ያለበት መዶሻው የወደቀበት፣ ማለትም ጨረታው የተዘጋበት ዋጋ ነው። እሱም ቢሆን ከሁኔታው ጋር። እኛ የ1603ቱን ታለር ውጤቶች ሰብስበን ለሁለት ከፈልናቸው፦ ጤነኞቹንና የማንጠልጠያ ምልክት ያለባቸውን። ሁለተኛው ክምር ከመጀመሪያው በጣም ያንሳል። ወንድምየው ይህን ሲያይ ድምፁ ቀነሰ፣ ፊቱ ግን አልተፈታም።

ሌላም ያልተጠበቀ ነገር ወጣ። ሁሉም «ብርቅ ነው» እያለ ያወራል፤ ውጤቶቹን ሲያዩ ግን ይህ ታለር በየጊዜው ገበያ ላይ ብቅ ይላል። ከማርትሬዛ ጋር ሲነጻጸር በእርግጥ ብርቅ ነው። ተፈላጊነቱ ግን ከቁጥሩ ማነስ ይልቅ ከመልኩና ከታሪኩ የመጣ ይመስለኛል። ሻጭ «ብርቅ» ሲል ከምን ጋር አወዳድሮ እንደሆነ መጠየቅ ደግ ነው።

ከዚያ ለሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች አሳዩት፣ ሁለቱም በጽሑፍ ገመቱ። ሁለቱም እውነተኛ ነው አሉ። አንደኛው ሊገዛ የሚፈልግ ነጋዴ ነበር፣ ግምቱም ዝቅ ያለ ነው። ይህ ክፋት አይደለም፤ የሚገዛ ሰው ለራሱ ትርፍ ማሰቡ ያለ ነው። ሁለተኛው መግዛት የማይፈልግ፣ ለግምቱ ብቻ ክፍያ የተቀበለ ሰው ነው። ለኖተሪው የገባው የእሱ ነው። ወንድምየውም የተቀበለው እሱን ነው፣ ምክንያቱም ገማቹ ከማንም ወገን እንዳልሆነ በደረሰኙ ያውቃል።

መጨረሻ ላይ የሆነው

እህት ታለሩን አስቀረች። ወንድም ማርትሬዛዎቹንና ሽልንጎቹን በሙሉ ወሰደ፣ ልዩነቱ ደግሞ በጥሬ ገንዘብ ተሞላለት። አንድ አንቀጽ ጨመሩ፤ ሐሳቡ የወንድምየው ነው፣ እኔም በጣም ወደድኩት። እህት ታለሩን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሸጠችና ከግምቱ በላይ ካወጣ፣ ወጪ ተቀንሶ ትርፉን እኩል ይካፈላሉ። ሁለቱም ፈረሙ።

ያልተሳካውም አለ። ወንድምየው ቀኑን ሙሉ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር የዋለው ምንም አልፈየደም፣ እንዲያውም ታለሩን ያለ መያዣ ኪሱ ውስጥ ከቁልፍ ጋር ይዞት ስለነበር አንድ ጭረት ሳያተርፍለት አልቀረም። የፎቶ ፍለጋውም ቤቱን አሳስቷል። በማኅበራዊ ሚዲያ የለጠፉት ፎቶ ደግሞ እርስ በርሱ የሚጣላ መልስ ብቻ ነው ያመጣው፤ ከማያውቁት ሰው በግል መልእክት የመጣ «ዛሬውኑ እገዛለሁ» የሚልም ነበረበት። ዝም ብለው አለፉት።

ለሌላ ሰው የሚሆነው

ከፊት ምስሉ ይልቅ ጠርዙን ማየት። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ ስለሚዘነጋው ነው። ብየዳ፣ ሞረድ፣ የተደፈነ ቀዳዳ፣ በአብዛኛው የሚገኘው ጠርዝ ላይ ወይም አጠገቡ ነው። ማርትሬዛ ለያዘ ሰውም ይሠራል። አገር ቤት ከአንገት ሐብል የተነቀሉ ብዙ ስላሉ፣ የተነቀለበት ቦታ እንዳለ ሁልጊዜ ማየት ነው።

ሳጥን ስታጸዱ ወረቀቱን አትጣሉ። ፖስታ፣ ደረሰኝ፣ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ሳይቀር። ዕቃው ከየት እንደመጣ የሚያሳይ አንድ መስመር ጽሑፍ ወደፊት ለመሸጥም፣ የኔ ነው ለማለትም ይረዳል።

ክብደት፣ ስፋት፣ የውኃው ሙከራ፣ ጽሑፉና ዓመቱ፤ እነዚህ በእጃችሁ ሳይኖሩ ለማንም አታሳዩ። አምስቱም ወረቀት ላይ ሲሰፍሩ ባለሙያው አክብሮ ያነጋግራችኋል። ባዶ እጅ የሄደ ሰው በግራም ይተመናል።

ግምት ከሚገዛ ሰው አይወሰድም። ለግምቱ መክፈል ያስቆጫል፣ አውቃለሁ፣ ግን ወንድምና እህት ከሚጣሉ ይሻላል። ዋጋ ስታሰሉ ደግሞ የጨረታ ቤቱን ድርሻ ቀንሱ። ከሻጭ ኮሚሽን ይወስዳል፣ ገዢውም ከመዶሻው ዋጋ በላይ ይጨምርለታል፤ ጋዜጣ ላይ የሚነበበው ቁጥርና ሻጩ ኪስ የሚገባው ገንዘብ የሚለያዩት ለዚህ ነው።

በመጨረሻም ለእኛ ለውጭ ሰዎች፦ አሮጌ ሳንቲም ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ሲወጣ የባህል ዕቃ ፈቃድ ሊጠየቅበት ይችላል። ሰውየው አሜሪካ ያለች እህቱ ታለሩን «እስቲ ላኩልኝ፣ እዚህ ሰው አውቃለሁ» ብላው ነበር። በተራ ፖስታ ጠቅልሎ ለመላክ ተነስቶም ነበር። አስቆምኩት፣ መጀመሪያ ጠይቅ አልኩት። ሄዶ ጠየቀ፣ የሚሞላው ፎርም ብዛቱን ሲያይ ሐሳቡን ተወው።